ወረቀቱ ይሄዳል፣ ቤቱ ከዚራ ይቀራል

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ቤት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ ተሰብስበን ነበር። ፀሐዩ በረድ ብሏል፣ ሻይ ተቀድቷል፣ ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ። «አክስቴ፣ ትረስቱን ወደ ሳውዝ ዳኮታ ልናዛውረው ነው» አላት።

«ማን ተዛወረ? ሥራ ቀየርክ እንዴ?»

ሳቅን። ግን ነገሩ እሷንም ይመለከታል። አጎቴ ከመሞቱ በፊት እዚያው ሚኒሶታ ጠበቃ ጋ ሄዶ ንብረቱን በትረስት አስሮታል። ንብረቱን ባለአደራ ይይዛል፣ ሰነዱ ባዘዘው መሠረት ለተጠቃሚዎች ያስተዳድራል። ተጠቃሚዎቹ ልጆቹ ናቸው፣ አክስቴም አለችበት። እኛም አገር ነገሩ አለ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ይደነግገዋል። ድሬ ላይ ግን ማን ይጠቀምበታል? እኛ የምናውቀው ውክልና ነው። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር፣ አብሮ ይሞታል።

ለምን ሳውዝ ዳኮታ? ሚኒሶታ ውስጥ ከፍተኛው የግዛቱ የገቢ ግብር 9.85 በመቶ ነው። ጎረቤቷ ሳውዝ ዳኮታ ደግሞ የገቢ ግብር የሚባል የላትም። እ.ኤ.አ. በ1983 ትረስት ከተወሰነ ዘመን በላይ አይቆይም የሚለውን የድሮ ሕግ ሰረዘችው፣ ስለዚህ እዚያ ያለ ትረስት እስከ ልጅ ልጅ ልጅ ይዘልቃል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወለድ ጣሪያዋን አንስታ ሲቲባንክን ከነክሬዲት ካርድ ሥራው አምጥታው ነበር። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ሕግ አሳምራ የሰው ገንዘብ ትጠራለች።

የድሬ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አስቸግሮት ሜዳው ላይ በመቅረቱ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1902 ሃዲዱ እዚህ ሲደርስ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ ወረደ። አሁን ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና አለን። ስለዚህ ወደሚመች ቦታ መሄዱን አልቃወምም። የምቃወመው አካሄዱን ነው።

መጀመሪያ ግብሩ። የግዛት ግብር የሚቀረው በአብዛኛው ትረስቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ለሚቆየው ገቢ ነው። ልጆቹ ሚኒሶታ ተቀምጠው ገቢውን ከተቀበሉ እዚያው ይከፍሉበታል። የሚኒሶታ ቤት ኪራይም የሚኒሶታ ገቢ ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ተጠቃሚው ግዛቴ ውስጥ ይኖራል በሚል ብቻ፣ ገንዘቡ እጁ ሳይገባና የመጠየቅ መብትም ሳይኖረው፣ ሰሜን ካሮላይና ትረስቱን ግብር ማስከፈል አትችልም ብሏል። ጥሩ ነው። የፌዴራሉ ግብር ግን የትም ቢኬድ ይከተላል። ለአክስቴ ከአሜሪካ አክሲዮን ትርፍ ሲላክ በመደበኛው 30 በመቶ ተቀንሶ ነው፤ ሳውዝ ዳኮታ ይህን አትነካውም። እዚያ የሚቀጠረው ባለአደራ ድርጅትም በየዓመቱ ሂሳቡን ይጠይቃል፣ በነፃ የሚሠራ የለም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ማዛወሪያው አንዱ መንገድ «ዲካንቲንግ» ይባላል። ባለአደራው የድሮውን ትረስት ንብረት ወደ አዲስ ትረስት ይገለብጠዋል። ጠላ ከአንዱ እንስራ ወደ ሌላው ስትገለብጥ አተላው ከታች እንደሚቀር፣ የማይፈለገው አንቀጽ አሮጌው ሰነድ ላይ ይቀራል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ ከፈቀደች ወዲህ ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። በብዙዎቹም ባለአደራው የተጠቃሚዎቹን ፈቃድ መጠየቅ የለበትም፤ ማሳወቅ ይበቃዋል። አተላው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማነው ታዲያ? አጎቴ «ለእህቴ በየዓመቱ» ብሎ ያስጻፋት አንዲት መስመር አለች። ሚኒያፖሊስ ላለ ሰው ትንሽ ናት። እዚህ ግን የመድኃኒት ገንዘብ ናት።

ደግሞ ቤቱ አለ። ይኸው የተቀመጥንበት። የአጎቴ ልጅ የንብረት ዝርዝሩን ሲያነብልን «ድሬዳዋ፣ መኖሪያ ቤት» የሚል ሰማሁ። አቦ! ቤት እንደ ባንክ ሂሳብ አይዛወርም። የሚገዛው ያለበት አገር ሕግ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የኛ የሚባለው በላዩ የተሠራው ነው። እዚህ መሬት አስተዳደር ሄደህ የሳውዝ ዳኮታ ዶሴ ብትዘረጋ፣ ሰውየው የሚጠይቅህ «ካርታው በማን ስም ነው?» ብሎ ነው። ካርታው እስካሁን በሟቹ ስም ነው። የውርስ ማስረጃ እንኳ አልወጣም። ይህ እያለ ስለ ዳኮታ ማውራት ለኔ ጣሪያው እያፈሰሰ መጋረጃ መቀየር ነው።

ይህንኑ ነገርኩት። «አንተ ደሞ ጋዜጠኛ ሆንክብን» አለኝ። አልተቀየመም። አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«የኔ ልጅ፣ አዲሱ ወረቀት ላይ የኔ ስም አለ?»

ገጾቹን ሲያገላብጥ ይሰማናል። አንዴ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና አገላበጠ።

«ቆይ፣ ጠበቃውን ልጠይቀው» አለ።