«ትንሽ ይነዝራል» ተብሎ የሚከራይ ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ፍለጋ የዞረ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። አከራይዋ ክፍሉን ያሳያሉ። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ የመብራት ሒሳብ እንዴት እንደሚካፈል ይናገራሉ። የጋራው ኩሽና በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ በዚያው ድምጽ «ልጄ፣ ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል፤ ኮንጎ ጫማ አድርገሽ ጋግሪ» ይላሉ። ተከራይዋም «እሺ እትዬ፣ ችግር የለውም» ትላለች። ወሬው ወደ ቀብድ ይሻገራል።

እኔ ግን ችግር አለው ባይ ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል ከተባልን ኪራይ እናስቀንሳለን። ትኋን አለበት ከተባልን ትተነው እንሄዳለን። ሰው ሊገድል የሚችል ነገር አለበት ስንባል ግን ጫማ አድርገን እንገባለን። ይህን ልማድ መተው አለብን። ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን መብራት ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ ያልተዘረጋለት ቤት ለኪራይ መቅረብ የለበትም። እስከዚህ ድረስ ነው የምለው።

ምጣዱ ለምን እንደሚነዝር እንይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ ነው። ከሥሩ ዙሪያውን ቦይ ይወጣለትና የሚግለው ጥምዝ ሽቦ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ላዩ በጀሶ ወይም በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ የላሜራ መቆሚያው ላይ ያርፋል። ደረቅ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የረጠበ ሸክላ ግን ያስተላልፋል። ሊጥ ይፈስበታል። እንፋሎቱ ከአክንባሎው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ይገባበታል። ክረምት ላይ ሳይጋገርበት ሰንበት ካለ ደግሞ ሸክላው ራሱ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። መብራቱ በዚያ እርጥበት አድርጎ ላሜራው ላይ ይወጣል። ላሜራውን የነካች ሴት እግሯ መሬት ላይ ነውና ወደ መሬት መውረጃው እሷ ትሆናለች።

«ሲሞቅ ይተዋል» የሚባለው እውነት ነው። የሚተወው እርጥበቱ ስለሚደርቅ ነው። በሚቀጥለው መጋገሪያ ቀን ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ገልብጦ መሰካት። ብዙ ቤት ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራም ማወቅ ጥሩ ነው። ባለ ሁለት እግሩ ሶኬት በሁለቱም በኩል ስለሚገባ፣ ከሚግለው ሽቦ አንዱ ጫፍ ፌዝ (መብራቱን የሚያመጣውን ሽቦ)፣ ሌላው ኒውትራል (የሚመልሰውን ሽቦ) ያገኛል። ሸክላው የረጠበው በፌዙ ጫፍ በኩል ከሆነ በኃይል ይነዝራል። ሲገለበጥ ያ ቦታ ለኒውትራሉ ይቀርብና ንዝረቱ ይቀንሳል። እርጥበቱ ነገ ሌላ ቦታ ሲሆን ግን ዘዴው አይሠራም። ከዚህ የከፋም አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ምጣዱ ላይ ከሆነና አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሲገለበጥ የሚቆረጠው ኒውትራሉ ሊሆን ይችላል። ምጣዱ ጠፍቷል ብላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውሉት ውስጡ 220 ቮልቱን እንደያዘ ነው። ስለዚህ ከመወልወላችሁ በፊት ንቀሉት። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

በየቤቱ እየዞሩ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የቤቱ ሰው የራሱን ምጣድ ጠባይ ያውቃል። ጋጋሪዋ ግን ዛሬ ሽምብጥ፣ ነገ ዓባይ ማዶ ነች። የትኛው ቤት እንደሚነዝር የሚነግራት ላይኖር ይችላል። ሥራ ስትጀምር ልብ ብላችሁ እዩዋት። ሊጡን ከማንሳቷ በፊት የእጇን ጀርባ ወደ ላሜራው ጠርዝ አስጠግታ ነካ ታደርጋለች። በመዳፏ አትነካም። መብራት ሲይዝ ጡንቻ ይኮማተራል፤ መዳፍ ከሆነ የያዘውን እንደጨበጠ ይቀራል፣ የእጅ ጀርባ ከሆነ ግን እጁ ሲታጠፍ ይሸሻል። ጋጋሪዋ ይህን ያወቀችው ከሥራ ጓደኞቿ ሰምታ ነው፤ አለዚያም ተነዝራ። ከዚያ ዙሪያዋን ትቃኛለች። ሳንቃ ካገኘች ሳንቃው ላይ ትቆማለች። ካጣች ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፋ ከእግሯ ሥር ታነጥፋለች። ያኔ ነው አማትባ የመጀመሪያውን እንጀራ የምታሰፋው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የእሷ ዕዳ መሆን አልነበረበትም፤ የባለቤቱ ነበር።

የከተማችን መሬትም ጉዳዩን ያከብደዋል። ሐይቁ ዳር ነው ያለነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግቢው ሁሉ ውሃ ነው። ለሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ብቅ ይላል። ደረቅ ወለል ላይ «ጠቅ» አድርጎ የሚለቅ ንዝረት፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ሲሆን አይለቅም። የሲሚንቶ ወለልም ቢሆን ሲረጥብ አያድንም።

ደግነቱ ይኸው እርጥበት ለኧርዝ ይመቻል። ኧርዝ ማለት ከቆርቆሮና ከላሜራ የተሠራውን የዕቃ አካል ሁሉ በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው። 2 ሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ኤሌክትሪሻኖች ዙሪያውን ከሰልና ጨው ይሞሉበታል። መሬቱ እርጥብ በሆነ ቁጥር ዘንጉ የተሻለ ይሠራል። ድንጋያማና ደረቅ አገር ያለ ባለሙያ ለዚህ ብዙ ይለፋል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ግን ግማሹን ሥራ ጣና ሠርቶልናል። የበጋው ድርቀት እንዳይደርስበት ጠለቅ ማድረግ ብቻ ነው። ከዘንጉ የሚመጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በእያንዳንዱ ሶኬት ያልፋል፤ ከሶኬቱ በባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ወደ ምጣዱ ላሜራ ይሄዳል። ያኔ ያመለጠው መብራት በሴትዮዋ ፋንታ በሽቦው ይወርዳል።

የግድግዳውን ሶኬት ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ በባለሙያ አስከፍቱት። ሦስት ቦታ ቡሎን አለው። ግራና ቀኙ ላይ ሽቦ ታስሯል፤ ከጥቀርሻና ከሙቀት የተነሳም ጠቁረዋል። የመሃሉ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ያብለጨልጫል። ምንም አልታሰረበትም። ሶኬቱ ሲገዛ የኧርዝ ቦታ ነበረው። ቤቱ ሲሠራ ግን ባለ ሁለት ሽቦ ተጎተተ።

«ብሬከር አለኝ እኮ» የሚል ብዙ ነው። ብሬከር ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው የተሠራው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከ16,000 ሚሊ አምፔር በላይ ካልሄደበት አይወድቅም። ሰው ለመግደል ግን ከ100 ሚሊ አምፔር ያነሰ ይበቃል። ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው፤ አርሲዲ ይባላል። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው መብራት እኩል መሆኑን ያመዛዝናል። 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ አንድ ቦታ አምልጧል ማለት ነውና ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ኧርዝ በሌለበትም ይሠራል፤ ግን የሚቆርጠው ሰው ከተነዘረ በኋላ ነው። ኧርዝ ካለ ሰው ሳይነካው በፊት ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ አልፈልግም። አርሲዲ የገባለት ቤት የረጠበ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ በየጊዜው ይጠፋል። ሰው ይሰለቻል። «አርሲዲው ተበላሽቷል» ይባልና በቀጥታ ይታሰራል። አልተበላሸም። ምጣዱ መብራት እያፈሰሰ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። መፍትሔው ምጣዱን ማስጠገን ነው፤ ሽቦው እንደገና እንዲቀመጥ፣ ሸክላው በደንብ እንዲደርቅ፣ ከተሰነጠቀም እንዲቀየር።

አደገኛ የሆኑ «ጥገናዎች» ደግሞ አሉ። አንዳንዱ ሠራተኛ የኧርዝ ሽቦ ሲያጣ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ቡሎን ጋር በአጭር ሽቦ ያያይዘዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ንዝረቱ ይጠፋል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከላይ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ግን የምጣዱ፣ የፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ሌላው የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ነው። ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ጥቅም የለውም፤ ብረት ከሆነ ደግሞ ንዝረቱን ለጎረቤት ቧንቧ መላክ ነው።

ምጣድን ዲቫይደር ላይ መሰካትንም ተዉት። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት ብንል 16 አምፔር ነው፤ ደህና የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ጣሪያ ማለት ነው። የዲቫይደሩ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ምጣድ ለብቻው ከብሬከር የተጎተተ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ያስፈልገዋል።

ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ እያለ እጅን ውርር የሚያደርገው ከዚህ ጋር አንድ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። መነሻው ሌላ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ያለች የማጣሪያ ካፓሲተር ጥቂት መብራት ወደ ብረት አካሉ ታሳልፋለች፤ ደህና ቻርጀር ከሆነ መጠኑ ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ነው፣ አይገድልም። ባለ ሦስት እግር ሆኖ ኧርዝ ሲያገኝ እሱም ይጠፋል። ፍሪጅ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግን እንደ ምጣዱ ነው፤ ነቅላችሁ አሳዩት።

አከራዮች ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው «የሁሉም ቤት እንደዚሁ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የምጽፈው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ዘንጉ፣ ሽቦው፣ አርሲዲውና የባለሙያው ዋጋ ገንዘብ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ነገር ግን በረንዳው ሴራሚክ ሲነጠፍ፣ የግቢው በር እንደገና ቀለም ሲቀባ አያለሁ። ያንን የሚችል ይህንን አይችልም ማለት ይከብደኛል። ሕጉም ለተከራይ ቆሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ያከራየውን ነገር ለታሰበለት አገልግሎት በሚሆን ደህና ሁኔታ እንዲያስረክብና በዚያው እንዲያቆይ ያዛል። የሚነዝር ኩሽና ለመጋገር የሚሆን ኩሽና አይደለም።

ሙያው ደግሞ እዚሁ አለ። ጢስ ዓባይ በ1950ዎቹ ነው መብራት ማመንጨት የጀመረው። የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስም በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ፖሊ ቴክኒክም ለኢንዱስትሪ ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪዎቹ ኧርዝን በክፍል ይማራሉ። የኤሌክትሪክ ተማሪዎች በየቀበሌው እየዞሩ በቴስተርና በመለኪያ የኪራይ ቤቶችን ቢፈትሹ ለእነሱ የተግባር ልምምድ፣ ለነዋሪው ሕይወት ነው። ዩኒቨርሲቲውና የሙያ ኮሌጆች ይህን ለመጀመር ብዙ የሚያጡት ነገር የለም። ከጋጋሪዎች ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፤ የትኛው ግቢ እንደሚነዝር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እስከዚያው በየቤቱ ሁሉም ሰው፣ ልጆችም ጭምር፣ ዋናው ብሬከር የት እንዳለ ይወቁ። መብራት የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለት ሰው ማጣት ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን ጣሉ። ካልደረሳችሁበት በደረቅ እንጨት አላቁት።

ተከራይ ደግሞ ይጠይቅ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ኧርዝ አለው?» በሉ። ገብታችሁ ከሆነም አከራዩ ኪራይ ልጨምር ሲል ጥሩ ጊዜ ነው፤ «እሺ፣ ግን በመጀመሪያ ኧርዙ ይግባ፤ አርሲዲውም ይቀመጥ» በሉ። ከግቢው ተከራዮች ጋር አንድ ላይ ሆናችሁ ብትጠይቁ ይበልጥ ይሰማል። ባለሙያው ሲጨርስ የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ፊታችሁ ይጫነው። መብራቱ እልም ካለ ይሠራል። በየወሩ ራሳችሁ እየተጫናችሁ ሞክሩት።