ቋሚ ነዋሪ

ግሪን ካርዴ የደረሰኝ ዕለት አዲስ አበባ ለምትኖረው አክስቴ ደውዬ «ቋሚ ነዋሪ ሆንኩልሽ» አልኳት። «እሰይ ልጄ! ግን ምነው ቋሚ አሉህ፣ ወንበር የለም እንዴ እዚያ አገር?»

ስቄ ዝም አልኩ። በኋላ ሳስበው ግን አክስቴ ሳታውቀው ከቃሉ ሥር ወርዳለች። «ኖረ» የወጣው ከግዕዙ «ነበረ» ነው፤ ነበረ ደግሞ ተቀመጠ ማለት ነው፤ «መንበር»ም ከዚያው ነው። ስለዚህ ቋሚ ነዋሪ ሲፈታ ቆሞ የተቀመጠ ሰው ይሆናል። ሳዑዲ ያሉ እህቶቻችን ሲጠብቁት የሚውሉት የመኖሪያ ፈቃድ፣ «ኢቃማ»ም፣ የኛው «ቆመ» የዐረብ ዘመድ ነው። ስደተኛ የትም ቢሄድ ቁም ይሉታል መሰለኝ። የኔው ካርድማ ቋሚ ቢባልም በየ10 ዓመቱ ይታደሳል።

ቨርጂኒያ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ነዋሪነቴን የመሰከሩልኝ የመብራት ቢልና የኪራይ ውል ናቸው። ማን ያውቅሃል ያለኝ የለም። ደግነቱ! ከጎን ያለውን ጎረቤቴን እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም።

አገር ቤት ከቀበሌ ቀበሌ ለመዛወር መሸኛ ይጠየቃል። የድሮው ሰፈር ካልሸኘህ አዲሱ አይቀበልህም። ወረፋው ቢያማርርም ቃሉን እወደዋለሁ።

ነዋሪ የሚለው ቃል በከተሞቻችን ትልቅ ማዕረግ የነበረው በደርግ ጊዜ ነው። በ1967ቱ አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌዎች «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ተባሉ። ከዚያ በምህጻረ ቃል የወጣው «ከነማ» አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤቶች ላይ አለ። የእግር ኳስ ክለቡ ሐዋሳ ከነማ ግን ሐዋሳ ከተማ ሲባል ነዋሪውም ማኅበሩም ከስሙ ወረዱ። ገበያው ያስመረረው ሰውም «እኛ አኗኗሪ እንጂ ነዋሪ አይደለንም» እያለ ይቀልዳል።

ባለፈው ክረምት ለአንድ ጉዳይ ወደ ሰፈሬ ወረዳ ጎራ ብዬ ነበር።

«የዚህ ወረዳ ነዋሪ ነዎት?» አለችኝ ልጅቷ።

«ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው።»

«እሱ የትውልድ ቦታ ነው፤ ነዋሪነትዎን ነው የጠየቅኩት። ሲለቁ መሸኛ ወስደዋል?»

ስሄድ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ቦሌ ድረስ ሸኝቶኛል። ማኅተም የያዘ ግን አልነበረም።