ሰርቨሩ ቆመ ማለት ሂሳቡ ቆመ ማለት አይደለም
«የአማዞን ክላውድ ሰርቨራችሁን ስቶፕ ካደረጋችሁት ምንም አትከፍሉም» የሚል ምክር ብዙዎች እየተቀባበሉት ነው። ግማሹ እውነት ነው። የሚቆመው የሰርቨሩ የራሱ ሂሳብ ነው። ዲስኩ ግን ዳታችሁን ይዞ ስለሚቆይ መቁጠሩን አያቆምም። በቨርጂኒያው ሪጅን (የአማዞን ሰርቨሮች የሚገኙበት አካባቢ) ጂፒ3 የሚባለው ዲስክ ለአንድ ጊጋባይት በወር 0.08 ዶላር ነው፤ 100 ጊጋ ከያዛችሁ 8 ዶላር ማለት ነው። ኢላስቲክ አይፒ (የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) ካላችሁም በሰዓት 0.005 ዶላር ይታሰባል፣ በወር ወደ 3.60 ይጠጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ለማግኘት ስንት ለለፋ ሰው ግን ቀላል አይደለም።

ለማረጋገጥ ኢሲ2 (የአማዞን ሰርቨሮች የሚተዳደሩበት ክፍል) ውስጥ «ቮልዩምስ» (ዲስኮቹ) እና «ኢላስቲክ አይፒስ» የሚሉትን ክፈቱ፣ ከዚያ የቢሊንግ ገጹን እዩ። ዲስኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ስናፕሾት (የዲስኩን ቅጂ) ውሰዱ። እሱም ያስከፍላል፣ ግን ረከስ ይላል።