ዙሩን ማን ቆጠረ?

ውድድሩን ያሸነፈው ሰው ዋንጫውን ሳይቀበል ሞተ። ዌንደል ስኮት ይባላል። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዳንቪል የተወለደ ጥቁር የመኪና ተወዳዳሪ ነው። ታሪኩን ካወቅሁ ወዲህ አንጀቴን እያቃጠለኝ ስለሆነ እናንተም ስሙልኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮት ታክሲ ነድቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦሩን መኪኖች ጠግኗል። መኪና ማብረርን የተካነው ግን እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች በሌሊት ያልተፈቀደ አረቄ ጭኖ ከፖሊስ ሲያመልጥ ነው። በ1952 መወዳደር ጀመረ፣ በ1961 ደግሞ ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት ትልቁ ምድብ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ የፋብሪካ ድጋፍና ሙሉ ቡድን ይዘው ሲመጡ እሱ ልጆቹን ረዳት አድርጎ፣ ያገለገለች መኪናውን ይዞ ከች ይላል። ሞተሩን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል፣ ራሱ ይነዳል።

ዲሴምበር 1 ቀን 1963፣ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ። የአፈር ሜዳ፣ የ100 ማይል ውድድር። የስኮት 34 ቁጥር ሼቭሮሌት ዝነኛውን ተወዳዳሪ ሪቻርድ ፔቲን አልፋ መሪነቱን ያዘች፣ ተከታይዋንም በሁለት ዙር ቀደመች። የአሸናፊው ባንዲራ ግን ለእሷ አልተውለበለበም። አሸናፊው ሌላ ተወዳዳሪ፣ ባክ ቤከር ነው ተባለ፣ ዋንጫውንም እሱ ወሰደ። ስኮት አቤት አለ። ከሰዓታት በኋላ፣ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ዙር ሲቆጠር ስህተት ነበር፣ ያሸነፍከው አንተ ነህ አሉት። ገንዘቡ ተሰጠው፣ ዋንጫው ግን የለም። ስኮት ራሱ ያምን የነበረው፣ ጥቁር ሰው በሕዝብ ፊት ዋንጫ ሰጪዋን ነጭ ቆንጆ እንዳይስም ፈርተው ነው ብሎ ነው።

ስህተቱን እኮ በዚያው ቀን አውቀውታል! እኔን ያመመኝ ይሄ ነው።

አባቴ አገር ቤት የመንግሥት ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ወጣትነቱን አሰብ መንገድ ላይ ጨርሶታል። ጡረታ ሲወጣ የአገልግሎት ዘመኑ ተቀንሶ ተጻፈ። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ፋይሉን ገልጣ፣ በጣቷ እየቆጠረች፣ አዎ አባባ ስህተት አለ ብላዋለች። አምናለች! ከዚያ በኋላ ግን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ይምጡ፣ ማህተሙ ተቆልፎበታል። አባቴ ያቺን ቢሮ ሲመላለስ ጫማው አለቀ። የተስተካከለው ደብዳቤ የመጣው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። እናቴ ምን ታድርገው?

ስኮትን ደግሞ ተመልከቱ። በትልቁ ምድብ 495 ጊዜ ተወዳድሮ 147 ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብቷል። በ1966 በዓመቱ ድምር ነጥብ ስድስተኛ ወጣ። በ1973 ታላዴጋ የውድድር ሜዳ ላይ ብዙ መኪና የተላተመበት አደጋ ክፉኛ ጎዳው፣ ሙያውም በዚያው ዓመት አበቃ። በ1990 ዐረፈ። በ2015 የናስካር የክብር አዳራሽ ገባ። ዋንጫውን ቤተሰቡ ከናስካር የተረከበው በኦገስት 2021 ነው፣ ዴይቶና የውድድር ሜዳ ላይ። ሰውየው ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ!

እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር አስቀንቶኛል። ቢዘገይም በአደባባይ ነው ያደረጉት፣ ተመልካች እያየ፣ ስሙን ጠርተው። እኛ ጋ ቢበዛ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በቅንነትና በታማኝነት አገለገለ ይባላል፣ ማን ምን እንደነፈገው ግን ማንም አያነሳም። የአባቴም እንደዚያው ተነበበ። አንባቢው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነበር፣ የአገልግሎት ዘመኑንም ያነበበው ያንኑ የተሳሳተውን ነው።

ከአባቴ ጋር የነዱ ሾፌሮች ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ ፋይላቸው እስካሁን አልተስተካከለም፤ ከዘራ ይዘው ያንኑ ደረጃ ይወጣሉ። እባካችሁ፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ፣ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ይፈረምላቸው።