«አፈር አይደል እንዴ!» ለምትሉን ሁሉ

ወገን፣ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ ዛሬ ሆድ ብሶኝ ነው የምጽፈው፤ ቢረዝምባችሁም ታገሡኝ።

ጠዋት አንዲት ሴት ደጄ መጥታ ጀበና አነሳች። ገልብጣ አየችው፣ አንገቱን ዳበሰችው፣ በጥፍሯ ቋ ቋ አደረገችው፣ ወደደችው። ዋጋውን ስነግራት ግን ቀስ ብላ ቦታው መለሰችና «ውይ እህቴ፣ አፈር አይደል እንዴ! ምን ወጪ አለው ብለሽ ነው?» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ግን እኮ ይህችን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ነው የኖርኩት። እናቴም ገበያ ዳር ተቀምጣ ስትሰማት ነው ያረጀችው። ሌሊቱን እሳት ፊት ቁጭ ብዬ ስላደርኩ ዛሬ ለመመለስ አቅም አጣሁ፣ ዝም አልኳት። እዚህ ልመልስላት።

አዎ እህቴ፣ አፈር ነው። ይቆፈራል፣ በጀርባ ወይ በአህያ ይጫናል፣ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። አንድ ዓይነት አፈር ብቻውን አይሆንም፤ የሚጣበቀውን ከሚጸናው ጋር መደባለቅ አለ። የተሰበረ ሸክላ ገሉን ወቅጬ ከጭቃው ጋር እለውሰዋለሁ፤ ገል የሌለው ጭቃ ሲደርቅም እሳት ሲያይም ይሰነጠቃል። አንዲት ነጭ የኖራ ጠጠር ከወንፊቴ ካመለጠች ደግሞ ዕቃው ተቃጥሎ፣ ተሸጦ፣ ሰው ቤት ከገባ በኋላ እርጥበት ስባ ታብጥና ገላውን ፈንቅላ ትወጣለች። ያኔ ስሙ የሚጠፋው የእኔ ነው።

ከዚያ በእጅ ይሠራል። በመሽከርከሪያ አይደለም፤ እንደ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች በእጅ ተዳምጦ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተፍቆ፣ በለስላሳ ጠጠር ታሽቶ ነው። የማሽበት ጠጠር የእናቴ ነው፣ ለእሷም ከእናቷ የመጣ፤ ከዕድሜ ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። አንድ ጀበና ሰውነቱ ለብቻው፣ አንገቱ ለብቻው፣ ጆሮው ለብቻው ይሠራና እርጥበታቸው ሲመጣጠን ይጋጠማሉ። ካልተመጣጠነ ጆሮው እሳት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ በጥላ ይደርቃል። በበጋ ሳምንት ይበቃው የነበረው በዚህ ዝናብ ሁለት ሦስት ሳምንት ሆኖም ልቡ እርጥብ ነው።

ይህን ሁሉ ለጉልበቴ ልተወው። እኔ የማወራችሁ ስለ እሳቱ ነው፤ የሸክላ ወጪ ያለው እዚያ ነውና።

ብዙዎቹ እናቶቻችን ሜዳ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ፣ በኩበትም ነው የሚያቃጥሉት። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት በግቢዬ ጥግ በጡብ ትንሽ የእንጨት ምድጃ ሠራሁ፤ ጭስ መውጫውን ከፍ አደረግሁት። ምክንያቱም ሜዳ ላይ ነፋስ በመጣ ቁጥር እሳቱ አንድ ጎን ይልሳል፣ ስብራቱ ይበዛል፣ ጭሱም ጎረቤት ይገባል። ምድጃው ሙቀት ይይዛል። ግን ደረቅ ፍልጥ ካላበሉት ምድጃ አይደለም።

ባሕር ዛፍ ወደዚህ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። እንጨት ያለቀባትን አዲስ አበባ ያዳናት እሱ ነው ይባላል። ዛሬ ያችው ከተማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለአንድ ጭነት ፍልጥ የምከፍለውን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ገና ተቆርጦ የመጣ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ውኃ ገዝቼ፣ ውኃ አስጭኜ፣ ውኃ ላቃጥል ነው ማለት ነው። የምገዛቸው እናት ምን ያድርጉ? እሳቸውም ወገባቸው ጎብጦ ከእንጦጦ የሚወርዱ ናቸው። «ልጄ፣ ደረቁን ከየት ላምጣልሽ፣ ሰማዩን አታዪም?» አሉኝ። እሳቸው ላይ ቅር አልልም።

ትናንት የአዲስ ዓመት ትዕዛዝ ነበረብኝ። 31 ጀበና፣ 4 ምጣድ፣ 12 ዕጣን ማጨሻ፤ በድምሩ 47 ዕቃ አስገባሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለአራት ሰዓት ያህል በትንሽ ጭራሮ ብቻ ማሞቅ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው ሁሉንም ያጣል። ውኃ እንፋሎት ሲሆን 1,600 እጥፍ ያህል ስፍራ ይፈልጋል፤ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ የቀረች ጠብታ መውጫ ካላገኘች ዕቃውን ትበትነዋለች። ስለዚህ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ጭስ መውጫው ላይ አስጠግቼ አያለሁ። ጤዛ ከያዘ ገና ነው። ትናንት አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት አለፈ፣ ብርጭቆው አሁንም ጤዛ ይይዛል። እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው የጠራው።

ከዚያ ፍልጡን መክተት ጀመርኩ። ልጣጩ ደረቅ ይመስላል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ጫፉ ላይ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ጭስስ ይላል። እሳቱ ጥቁር ቀይ ላይ ደርሶ ቆመ። ሸክላ ጠንክሮ እንዲበስል ከ800 እስከ 900 ዲግሪ መድረስ አለበት። እኔ መለኪያ የለኝም፣ በቀዳዳው የማየው ቀለሙን ነው። ጥቁር ቀዩ አልፎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን መሄድ አለበት። ሁለት ሰዓት ሙሉ እየመገብኩት ቀለሙ አልንቀሳቀስ አለ። የቀረኝ አንድ አማራጭ ነበር፤ ለክፉ ቀን ከጣሪያ ሥር ያስቀመጥኩት የአምና ደረቅ እንጨት። እሱን ስከት እሳቱ በአንዴ ተነሳ፣ ነበልባሉ በጭስ መውጫው ወጣ።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጷ! ቀጥሎ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ጷ። ሌሊት ሰፈሩ ተኝቶ ያንን ድምፅ ብቻሽን መቁጠር ምን እንደሆነ በቃላት አይነገርም። እጅሽን ሰደሽ የምታወጪው ነገር የለም፣ እሳቱን ልተወው ብትይ የቀረውም ሳይበስል ይቀራል። እየሰማሁት እንጨት መክተቴን ቀጠልኩ።

ንጋት ላይ እሳቱ በቃው። በሩን ደፍኜ እንዲበርድ መተው አለብኝ፣ ቶሎ ከተከፈተ ቀዝቃዛው አየር የተረፈውን ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ያቺ ሴት ስትመጣ ምድጃው ገና ትኩስ ነበር፤ ያነሳችው ጀበና ካለፈው ዙር የተረፈኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ከፈትኩት። ሦስቱ ምጣድ ለሁለት ተከፍለዋል። 11 ጀበና የለም፤ ጆሮው የለቀቀ አለ፣ ሆዱ የተቀደደ አለ፣ ጨርሶ ገል የሆነም አለ። የቀሩትን አንድ በአንድ በጣቴ መታሁ። ጤነኛው ይጮኻል፣ የታመመው ድምፁ ይታፈናል። ከ47ቱ 33 ጤነኛ ወጣ። ለ14ቱ ማን ይከፍለኛል? ነጋዴው የሚጮኸውን ብቻ መርጦ ነው የሚወስደው፤ እንጨቱን ግን ለሁሉም ከፍያለሁ። ስለዚህ በአንድ ጀበና ዋጋ ውስጥ የተሰበረው ወንድሙ ዋጋ አለ። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲህ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ለረጅም ጊዜ ሆዴ ውስጥ የኖረ ነው። ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ያጣሁበት ዘመን ነበር። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ይበላል» ይባል ነበር። ምኒልክ ሰው በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ትውልድ አልፎ ተወልጄ ሰምቸዋለሁ። ዛሬ ፊት ለፊት ጠይብ ወይም ቡዳ የሚለኝ የለም። ንቀቱ ግን የጠፋ አይመስለኝም፣ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነው የተቀመጠው። ሰው ከውጭ ለመጣ ብረት ድስት ሳይከራከር ከፍሎ ይወጣል፣ እኔ ጋ ሲደርስ አፈር ነው ይለኛል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ክዳን አንሱትና እዩ፤ ሊጡ የሚፈስበት ያው ሸክላ ነው፣ ሽቦው የተቀበረው ከእሱ ሥር ነው። እንጀራችሁ ዓይን የሚያወጣው አንዲት ሴት ባሸችው ጭቃ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ወንድም የተሰነጠቀ ጀበና ይዞ ተቆጥቶ መጣ። «ያቺ የሸጥሽልኝ በአንድ ቀን ፈነዳች» አለ። አሟሽተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ማሟሸት ምን እንደሆነ አላወቀም። አዲሱን ጀበና ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶ በሙሉ እሳት ቡታጋዝ ላይ ጥዶታል። ሌላ ሰጠሁት፣ ምን ላድርግ፤ እናቱ ያላስተማረችውን እኔ በቁጣ አላስተምረውም። እናንተ ግን እባካችሁ፣ ጀበና ስትገዙ መጀመሪያ በለዘብተኛ እሳት ውኃና የቡና አተላ ደጋግማችሁ አፍሉበት። ምጣዱን በጎመን ዘር አሹት፣ ቀስ እያላችሁ አሙቁት። ለዓመታት ያገለግላችኋል።

ያቺ የጠዋቷ እህቴ ይህን ካነበበች ጀበናው አሁንም እዚያው መደቡ ላይ አለ፣ ከግራ ሁለተኛው። ዋጋው ግን ያው የነገርኩሽ ነው፣ አልቀንስም። ለተሰበሩት 14 ዕቃዎች ምትክ ልሠራ ጭቃዬን ከሰዓት በኋላ ነክሬያለሁ፣ ትዕዛዙ ዕንቁጣጣሽ ሳይገባ መድረስ አለበት። አሁን ደመናው እየከበደ ነው፣ ግቢ ውስጥ ያለው ፍልጥ ላይ ላስቲክ ላልብስበት።