ወንበር ሸጦ ወንበር መንጠቅ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ዩኔስኮ ኒው ዴልሂ ላይ ተሰብስቦ የጣሊያንን የምግብ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረ። ይገባዋል። ነገር ግን እዚያው ሮም ወይም ሚላኖ ለእራት ጠረጴዛ ለማስያዝ ለሚደውል ሰው የሚሰጠው መልስ ከቅርሱ ጋር አይገጥምም፦ «የ1፡30 ነው የሚፈልጉት ወይስ የ3፡30?» ዶፒዮ ቱርኖ (ድርብ ተራ) ይሉታል፤ አንድ ጠረጴዛ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ይሸጣል። አንዳንዱ ቤትማ ቀድሞ በመልእክት ያስጠነቅቃል፦ ጠረጴዛው የእርስዎ የሚሆነው ለ90 ደቂቃ ነው።

ባለቤቶቹ ሲጠየቁ የሚሰጡት ሰበብ የበለጠ ያናድዳል። «ዘመኑ ተለውጧል፤ ደንበኛው ራሱ ይቸኩላል» ይላሉ። ታዲያ ደንበኛው ከቸኮለ ገደቡ ለምን አስፈለገ? በልቶ ሊሄድ ያኮበኮበን ሰው ማን በሰዓት ያስወጣዋል? ገደብ የሚጣለው መቀመጥ በሚፈልግ ሰው ላይ ብቻ ነው። ደግሞም ለቸኮለ ጣሊያናዊ ቦታ ጠፍቶ አያውቅም። ኤስፕሬሶውን ባንኮኒ ላይ ቆሞ በሁለት ጉንጭ ጨልጦ ይወጣል፤ በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጥ ፒዛ በየመንገዱ አለ፤ የናፖሊ ፒዛም ምድጃ ውስጥ የሚቆየው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው። ይህ ሕዝብ መፍጠን ያውቃል። እራት ላይ የማይፈጥነው ስለማይፈልግ ነው።

ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ፤ ክርክሩ የሚያልቀው እዚያ ነውና። ተቀምጦ፣ ሜኑ አይቶ፣ ውኃና ወይን መርጦ እስከማዘዝ 15 ደቂቃ ይሄዳል። አንቲፓስቶው (የምግብ መክፈቻው) መጥቶ እስኪበላ ሌላ 20። ፕሪሞው፣ ማለትም ፓስታው፣ ተቀቅሎ፣ ከስጎው ጋር መጥበሻ ላይ ተዋህዶ፣ ቀርቦ እስኪያልቅ 30 ደቂቃ ገደማ። ሴኮንዶው (ሁለተኛው ምግብ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ) ከነመጠበቁ 40። ከዚያ ዶልቼ (ጣፋጭ)፣ ከዶልቼው በኋላ (አብሮ አይደለም፣ በኋላ!) ቡና፣ ከቡናው በኋላ ዲጀስቲቮ (ምግብ ማወራረጃ መጠጥ)። ማንም ሳይንቀራፈፍ ሁለት ሰዓት አልፏል። ይህን 90 ደቂቃ ውስጥ ለመክተት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ምግቡን ቀድሞ ማብሰል።

ሪዞቶን እንውሰድ። ሩዙ ደረቁን ይታመሳል፣ ወይን ይፈስበታል፣ ከዚያ ትኩስ መረቅ በጭልፋ እየተጨመረበት ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ይማሰላል። በመጨረሻም ከእሳት ወርዶ በቀዝቃዛ ቅቤና በፓርሚጃኖ አይብ ይመታል። አንድ ምድጃና አንድ እጅ ሙሉ በሙሉ ስለሚይዝ ነው ብዙ ሜኑ ላይ «ቢያንስ ለሁለት ሰው» ተብሎ የሚጻፈው። የተቻኮለው ቤት ግን ከሰዓት በኋላ ግማሹን አብስሎ፣ ትሪ ላይ ዘርግቶ ያቀዘቅዘዋል፤ ማታ ትእዛዝ ሲመጣ መረቅ ቸለስ አድርጎ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሩዙ ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ይጠጥራል። እንደገና ሲሞቅ የፍሬው ውጪ ይላላል፣ መሀሉ ጥርስ ላይ ይከረክራል፣ መረቁና ሩዙ አይዋሃዱም፤ ጉዱን ለመሸፈን ክሬም ይጨመርበታል። መለየቱ ቀላል ነው። ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት ሪዞቶው እየተንሸራተተ መዘርጋት አለበት። ጉብታ ሠርቶ ከቆመ ምሽቱን የትሪ ሩዝ ሊበሉ ነው።

የፊዮሬንቲና ስቴክም ያው ነው። ሦስት አራት ጣት የሚወፍር፣ ከአንድ ኪሎ የማያንስ ሥጋ በየጎኑ አራት አምስት ደቂቃ ፍም ላይ ቆይቶ፣ በአጥንቱ ደግሞ ቆሞ፣ ከወረደ በኋላ ማረፍ አለበት። ሳያርፍ ከተቆረጠ ብዙ ጭማቂው ጣውላው ላይ ይቀራል። የሰዓት ገደብ መጀመሪያ የሚሠርቀው ይህችን ዕረፍት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ተራው ያሳጥረዋል የተባለውን መዘግየት ራሱ መፍጠሩ ነው። 40 ወንበር ያለው ትራቶሪያ (ቀለል ያለ ምግብ ቤት) ይሁን። በዱሮው አሠራር እንግዳው ከ1፡30 እስከ 3፡00 እየተንጠባጠበ ይገባል። አስተናጋጁ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አንቲፓስቶው ሊያልቅ ሲል አይቶ ወደ ወጥ ቤት «ማርቺያ!» (ቀጥሉ!) ይላል፤ የዚያ ጠረጴዛ ስፓጌቲ ያኔ ውኃ ውስጥ ይገባል። ምድጃው አይጨናነቅም፣ ሰውም አይጠብቅም። በተራ ሲሆን 40ው ሰው አንድ ላይ ይቀመጣል፣ ኮማንዳው (የትእዛዝ ወረቀቱ) አንድ ላይ ይወርዳል፣ 40 ፓስታ አንድ ላይ ይጠየቃል። የመጨረሻው ጠረጴዛ ፕሪሞውን የሚያየው ከተፈቀደለት ጊዜ ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ አስተናጋጁ ሰዓቱን እያየ ሳህን ያነሳል፤ አንዱ እየበላ የሌላውን ሳህን ማንሳት፣ ጣሊያን ውስጥ!

ኪራይና መብራት መወደዱን አልክድም። ግን ትርፉ ያለው ሁለተኛው ጠርሙስ፣ ዶልቼው፣ ቡናውና ዲጀስቲቮው ላይ ነው። 90 ደቂቃ የተሰጠው ሰው ቀድሞ የሚተወው ደግሞ እነዚህኑ ነው።

ደግሞ ኮፔርቶ አለ። ሚላኖ ውስጥ በሰው ሁለት ሦስት ዩሮ ይጠየቃል፤ ምግብ አይደለም፣ ለገበታው፣ ለዳቦውና ለመቀመጫው ነው። (ሮም ያለችበት የላትሲዮ ክልል እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሎታል፤ ለዳቦ ማስከፈል ግን ይቻላል።) ለመቀመጥ ገንዘብ ተቀብሎ ተነሥ ማለት በየትኛው አገር ነው አገልግሎት የሚባለው?

የእኛዎቹ የጉዞ ቪዲዮ ሠሪዎችም ለዚህ አሠራር ሳያውቁት ያጨበጭባሉ። «ጣሊያን ሂሳብ እስኪመጣ ይነጋል፤ አስተናጋጆቹ ሰነፎች ናቸው» ይላሉ። ሂሳቡ የማይመጣው ስላልጠየቃችሁ ነው! እዚያ ያልተጠየቀ ሂሳብ ማምጣት እንግዳን ማባረር ነው። ዓይኑን ያዙትና «ኢል ኮንቶ» በሉት፤ ካልመጣ ተነሥታችሁ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ክፈሉ፣ ብዙ ትራቶሪያ ውስጥ የተለመደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሮም ፒያሳ ዲ ስፓኛ ላይ ማክዶናልድስ ሲከፈት እነ ካርሎ ፔትሪኒ ተቃውመው ተነሡ፤ ስሎው ፉድ (ዝግ ያለ ምግብ) የተባለው ንቅናቄም ከዚያ ዘመን ቁጣ ወጣ። አሁን ፈጣኑ ምግብ በትራቶሪያው የጓሮ በር ገብቷል፤ የሚቃወምም የለም። ሁለት ተራ ግድ ከሆነባቸው ቢያንስ የመግቢያውን ሰዓት በ15 በ15 ደቂቃ ያፈራርቁት፣ ከመጀመሪያው ተራ ኮፔርቶ አይቀበሉ፣ ሪዞቶውንም ከሜኑው ይሰርዙት።