ያልተነገረ ክፍያ

በቁጥ ቁጥ በተያዘ ገንዘብ ወደ ዱባይ ለሚሄድ ሰው እጅግ የሚያናድደው የከተማዋ ውድነት ሳይሆን፣ አስቀድሞ ያልተነገረ ክፍያ በየደረሰበት ብቅ እያለ የሠራውን ሂሳብ ማፍረሱ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ እኛ እያንዳንዷን ድርሃም የምናወጣው እያመመን ነው።

ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ርካሽ ብዬ የያዝኩት ሆቴል ስደርስ፣ በኢንተርኔት ካየሁት ዋጋ ላይ «የቱሪዝም ድርሃም» ተደምሮ ጠበቀኝ። ክፍያው እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም ሲሆን ሕጋዊ ነው፤ መክፈሉንም አልጠላሁም፤ ነገር ግን ዋጋው ሲለጠፍ ለምን በደቃቅ ፊደል ግርጌ ይወሸቃል?

ምንዛሪው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ተተምኖ ለዓመታት ንቅንቅ ባይልም፣ መንዛሪው «ኮሚሽን የለም» ብሎ ለጥፎ ትርፉን ከተመኑ ላይ ይሸርፋል። ይባስ ብሎ የመቶ ዶላር ኖቴን ወደ መብራት አንሥቶ፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን የእስክሪብቶ ጭረት በጥፍሩ እየፋቀ፣ ከዚያም በዝቅተኛ ተመን ካልሆነ እንደማይቀበል ነገረኝ። ኤቲኤሙም ያው ነው፤ «በሀገርዎ ገንዘብ ይቆረጥልዎ?» እያለ በትሕትና ይጠይቃል፣ እሺ ያለ በማሽኑ ተመን ይቀጣል፤ እምቢ የሚለው ምርጫ ደግሞ ግብይቱን የሚሰርዝ እንዲመስል ሆኖ ተሠርቷል።